የአቦቦ ጎረቤት

ኛሙዎንና አጅዋንግ ለዓመታት በስልክ ሲነጋገሩ ኖረዋል፤ ፊት ለፊት የተያዩት ግን ከጥቂት ጊዜ አይበልጥም። ኛሙዎን ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ተወልዳ ያደገች ኑዌር ናት። አጅዋንግ አኙዋ ናት፤ ከከተማው በስተደቡብ፣ የአቦቦ ሰው። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አትሰማም። የሚግባቡት በአማርኛ ነበር። እሱንም ቢሆን ሁለቱም ትምህርት ቤት ገብተው፣ እየተሳሳቱና እየተሳቀባቸው የተማሩት ነው።

አጅዋንግ በተለይ በአማርኛ ወንድና ሴት መለየት አልሆነላትም። ጠዋት ጠዋት ስትደውል፣ “ኛሙዎን፣ ደህና አደርክ? ልጆች ደህና ናቸው? ዛሬ ድምፅህ ደክሟል” ትላታለች። ኛሙዎን መጀመሪያ አካባቢ ታርማት ነበር፤ ኋላ ተወችው። ባሏ ኮንግ ባጃጁን ሊያስነሣ ሲል ድምፁን ከስልኩ እየሰማ፣ “ይሄ ጓደኛሽ ወንድ ነው ሴት?” እያለ ይቀልድ ነበር።

የሚሠሩት መጠለያ ካምፖችንና የገጠር ጤና ጣቢያዎችን በኔትወርክ በሚያገናኝ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ነው። ኛሙዎን በከተማው ቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ተምራ ስትወጣ የመጀመሪያ ሥራዋ ገመድ መጎተት ነበር። ቀስ በቀስ የአንቴና ማማ ላይ መውጣት ለመደች፤ አማቷ “ሱሪ ለብሳ ብረት ላይ የምትንጠላጠል ሚስት” ብለው ለጸሎት ቤት ሰዎች አማረሩ፤ ከጊዜ በኋላ እሳቸውም ለመዱት። አሁን ኒውላንድ አጠገብ ባለው ቢሮ ተቀምጣ መስመሮቹን የምትከታተል እሷ ናት። አንዱ መስመር በኢታንግ በኩል ወደ ትየርኪዲ መጠለያ ይሄዳል። ሌላው ወደ አቦቦ ይወርዳል።

አጅዋንግ የአቦቦው ጣቢያ ጠባቂ ናት። ጣቢያው ማለት ከጤና ጣቢያው ጀርባ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው፤ በውስጡ ማማ፣ ባትሪ የተደረደረበት ክፍል፣ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል የሚሰጡ ፓኔሎች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጄኔሬተር። ባትሪዎቹ አርጅተዋልና ሌሊቱን ሙሉ አይዘልቁም። ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ጄኔሬተሩን ታስነሣለች፤ ንጋት ላይ አጥፍታ መሰላሉን ትወጣና ፓኔሎቹን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ከዚያ ወርዳ ትደውላለች።

ሥራው ለሚያውቀው ሰው ከባድ አይደለም። ራውተር የሚባለው ሣጥን መልእክት ተቀብሎ በየትኛው መንገድ መሄድ እንዳለበት እየመረጠ የሚያሳልፍ ነው። በአንድ መስመር ፊት ለፊት የሚገናኙ ሁለት ራውተሮች በባለሙያዎቹ ቋንቋ ጎረቤት ይባላሉ። ጎረቤታሞቹ ሥራ ኖረም አልኖረም፣ በየጥቂት ሰከንዱ አንዲት አጭር መልእክት ይላላካሉ። መልእክቷ “አለሁ፤ አንተንም ሰምቼሃለሁ” ከማለት በቀር ሌላ ቁም ነገር የላትም። አንዷ መንገድ ላይ ብትቀር ራውተሩ አይደነግጥም፤ ነፋስ ይሆናል፣ ዝናብ ይሆናል ብሎ ይታገሣል። ተከታትለው ሲቀሩበት ግን ጎረቤቱን “ወድቋል” ብሎ ይመዘግበዋል፤ በእሱ በኩል የሚሄደውን መንገድም ይሰርዛል። ከዚያም በኋላ ቢሆን መጣራቱን አይተውም። የወደቀው ድምፁን ሲያሰማ እንደገና ጎረቤት ያደርገዋል።

ኛሙዎን ይህን ያስተማረቻት አለቃዋ ፌበን ናት። ፌበን ከሆሳዕና የመጣች ኢንጂነር ናት፤ ቃል አታባክንም፣ ሰው ላይም አትጮኽም። በመጀመሪያው ሰሞን ኛሙዎን አንዱን መስመር “ማሽኑ ሞቷል” ብላ ሪፖርት ስታደርግ፣ ፌበን ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

“መሞቱን በምን አወቅሽ?”

“ዝም አለ።”

“ዝምታ የሚነግርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳልሰማሽ። ማዶ ያለው ተቃጥሎ ይሁን፣ መብራት ጠፍቶበት ይሁን፣ መሐል ላይ ያለው መንገድ ተበላሽቶ ይሁን፣ ዝምታ ለይቶ አይነግርሽም። ለይተሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ያውም ከመረመርሽ።”

በዚያ ዓመት በጋው ላይ የክልሉ ጸጥታ ደፈረሰ። እንዴት እንደ ተጀመረ እያንዳንዱ ሰፈር የየራሱን ያወራል። ኛሙዎን ያየችው ግን ይህን ነው፤ አንድ ጠዋት ሱቆች አልተከፈቱም፣ ከሰዓት በኋላ ተኩስ ተሰማ፣ ማታ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ኑዌሩ ወደ አኙዋ ሰፈር፣ አኙዋውም ወደ ኒውላንድ መዝለቅ አቆመ። ሁሉም በየሰፈሩ የሚያለቅስለት ሰው ነበረው። የኛሙዎን አጎት ልጅ ከዓመታት በፊት በእንዲህ ያለው ግርግር ሞቷል። የአጅዋንግም ታናሽ ወንድም እንደዚሁ። ሁለቱ ሴቶች ይህን ያውቃሉ፤ በስልክ አንሥተውት ግን አያውቁም ነበር።

የአቦቦ መንገድ ተዘጋ። ከከተማው ውጭ የሞባይል ስልክ ተቋረጠ። በኔትወርኩ በራሱ የሚሠራ አንድ ስልክ አቦቦ ጤና ጣቢያው ውስጥ ነበር፤ የጤና ባለሙያዎቹ ግን በሩን ቆልፈው ወደየቤተሰባቸው ሄደዋል። የአጅዋንግ የጠዋት ጥሪ ቀረ።

የቀረው ራውተሩ ብቻ ነበር። ኛሙዎን ቢሮ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ስክሪኑን ታያለች። አቦቦ በጎረቤትነት እንደ ተመዘገበ ነው፤ ሌሊቱንም ሳይወድቅ አድሯል። ባትሪው ሌሊቱን እንደማይችል ታውቃለች። ስለዚህ ማታ ጄኔሬተሩን ያስነሣ ሰው አለ ማለት ነው። አቦቦ ላይ ያን የሚያደርግ ደግሞ ከአጅዋንግ ሌላ የለም።

“አድራለች” ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን። ፌበንም ቀና ሳትል “እግዚአብሔር ይመስገን” ትላለች።

ሰፈር ውስጥ ይህ ነገር በበጎ አልታየም። ቦኖ ውኃ ጋ አንዲት ጎረቤቷ፣ “ከነሱ ጋር በማሽን ታወሪያለሽ አሉ” አለቻት።

“ማሽኑ ነው ከማሽን ጋር የሚያወራው” አለች ኛሙዎን፤ ጀሪካኗን ሞልታ ሄደች። ቤት ስትገባ ጀሪካኗን ጓ አድርጋ አስቀመጠች። ኮንግ ምን እንደ ሆነች ጠይቋት ነገረችው። “ሥራሽ ነው። ግን በሰው ፊት ስሟን አታንሺ” አላት።

እንዲህ እንዳለ ሰነበተ። ከዚያ አንድ ጠዋት አቦቦ ወድቆ ጠበቃት። አመሻሽ ላይ ዝም ብሎ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ጠፋ መዝገቡ ያሳያል። ፀሐይ ከፍ ስትል ተመልሶ ተነሣ። በማግስቱም እንደዚያው፤ ማታ ወደቀ፣ ጠዋት ተነሣ።

መውደቅ መነሣቱ ሌላ ጣጣ አመጣ። አንድ ጎረቤት በወደቀና በተነሣ ቁጥር ዜናው ወደ ሌሎቹ ራውተሮች ሁሉ ይሄዳል፤ እያንዳንዱም መንገዱን እንደገና ያሰላል። ደመና በሆነ ቀን ደግሞ የአቦቦው መስመር ቀኑንም ይንገዳገድ ነበር። ትየርኪዲ ያሉት ሐኪሞች ከከተማው ሆስፒታል ጋር ስለ በሽተኛ ሲነጋገሩ ድምፁ እየተቆራረጠ ተቸገሩ። አንዲት ምጥ የጠናባት እናት ጉዳይ ላይ ጥሪው መሐል ላይ ተቋርጦ፣ እንደገና እስኪገናኙ ሁሉም በጭንቅ አለቀ። እናትየውም ልጁም ተረፉ፤ ነገሩ ግን ለፌበን ደረሰ።

“አቦቦን ልዘጋው ነው” አለች ፌበን። “መንገዱ ተከፍቶ ሰው እስክንልክ ድረስ። አሁን ማንም አይጠቀምበትም፤ ትየርኪዲን ግን እያወከ ነው።”

ኛሙዎን የፌበን ሐሳብ ልክ እንደ ሆነ ታውቃለች። ያቺን ምጥ የያዛትን ሴት ታስባለች፤ የራሷም ዘመዶች ከደቡብ ሱዳኗ ናሲር ተሰደው የተጠለሉት ትየርኪዲ ነው።

“ከዘጋሽው ከአቦቦ ምንም አንሰማም” አለች በመጨረሻ። “አሁን የምንሰማው ያ ብቻ ነው።”

ፌበን አየቻት። ከዚያ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አዞረች። “እሺ። አይዘጋ። መውደቅና መነሣቱ እኛው ጋ ይቅር፤ ወደ ሌሎቹ እንዳይተላለፍ አደርጋለሁ። ትየርኪዲ ስለ አቦቦ ምንም አይወቅ፤ እኛ እንወቅ።” ሥራውን ስትጨርስ ረፍዶ ነበር። የትየርኪዲ ድምፅ ጠራ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ የአቦቦን መዝገብ ከፍታ ኛሙዎንን ጠራቻት።

“ማታ መውደቁ ጄኔሬተሩ ስላልተነሣ ነው። ናፍጣ አልቆባት ይሆናል።”

“መንገዱ ሳይዘጋ በርሜል ልከንላታል።”

“ሰው ወስዶባትስ?”

“ሊሆን ይችላል” አለች ኛሙዎን። ይህን እሷም አስባዋለች፤ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣት ለራሷ የምትነግረው ይህንኑ ነበር። ዓይኗ ግን የጠዋቱ መነሻ ላይ ቀረ። “ይሄን እይው እስኪ። መጀመሪያ ሰሞን የተነሣው ጠዋት ነው። በማግስቱ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ። ዛሬ ተሲያት ሊሆን ሲል ነው የተነሣው።”

ፌበን ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች ተከተለችው። “ፓኔሎቹ እየደከሙ ነው።”

“ሣር የሚቃጠልበት ወር ነው። አመዱ በየቀኑ ይወርዳል።” የኛሙዎን ድምፅ ወረደ። “ናፍጣ ያልቃል፣ ይሰረቃል። ጨርቅ ግን አያልቅም። እሷ እዚያ ካለች ፓኔሉን ሳትወለውል አትውልም፤ ታማ እንኳን ወጥታ ታውቃለች።”

ማሽኑ ስለ ሰው የሚያውቀው ነገር የለም፤ እነሱ ግን አሁን አወቁ። አቦቦ ጣቢያው ላይ ሰው የለም።

በዚያ ምሽት ኛሙዎን ለኮንግ ነገረችው። አጅዋንግ ኦባንግ የሚባል ወንድም አላት፤ እዚሁ ከተማ ባሮ ዳር ባለው የአኙዋ ሰፈር የሚኖር አናጺ ነው። አንድ ጊዜ ከእህቱ የተላከ ዕቃ ይዞ ቢሮ መጥቶ ነበር። እናታቸውም ከእሱ ጋር ናቸው። ስልክ ቁጥሩ የላትም። ሄዳ ልትነግረው ትፈልጋለች።

“የት ነው የምትሄጂው?” አለ ኮንግ፤ የሰማውን ደግማ እንድትለው የፈለገ ይመስል።

“ኦባንግ ጋ።”

“በዚህ ጊዜ? ሰፈራቸው ገብተሽ? ሁለት ልጆች አሉሽ እኮ።”

“የእሱ እህት ናት። ሌላ የሚነግረው የለም።”

ኮንግ ተነሥቶ ደጅ ወጣ። ሲመለስ ቁጣው በርዶ ነበር። “ሰፈራቸው አትገቢም። ጸሎት ቤት ድረስ እኔ አደርስሻለሁ። እዚያ እናስጠራዋለን።”

ጸሎት ቤቱ የሁለቱም ወገን ምእመናን የሚያመልኩበት ነው። ከግርግሩ ወዲህ ግን እሑድ አብረው አይሰበሰቡም፤ አንዱ በማለዳ፣ ሌላው ከሰዓት ይመጣል። ኮንግ ባጃጁን በዋናው መንገድ ነዳው፤ መንገድ ላይ ወታደሮች ሁለት ጊዜ አስቁመው ፈተሿቸው። የጸሎት ቤቱ ጥበቃ መልእክቱን ይዞ ሄደ። እነሱ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁ።

ኦባንግ ሲመጣ አንድ ሌላ ሰው አስከትሎ ነበር። ያ ሰው በር ላይ ቀረ። ኦባንግ እጁን ሳይዘረጋ ቆመ።

“አስጠራሽኝ።”

“እኔ ከእህትህ ጋር የምሠራው ኛሙዎን ነኝ።”

“አውቅሻለሁ።”

“ኦባንግ፣ አቦቦ ጣቢያው ላይ ሰው የለም። ከሳምንት በላይ ሆኗል።”

ፊቱ አልተለወጠም። “ማን ነገረሽ?”

“ማንም አልነገረኝም። ማሽኑ ማታ ማታ ይጠፋል፤ ጄኔሬተር የሚያስነሣ የለም። ፓኔሉንም የሚጠርግ የለም።”

“ማሽን ስለ እኔ እህት ምን ያውቃል?”

“ስለ እሷ አያውቅም። እኔ ነኝ የማውቃት።”

ኦባንግ መሬቱን አየ። በር ላይ ያለው ሰው በአኙዋ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረ፤ እሱም ባጭሩ መለሰለት። ከዚያ ወደ ኛሙዎን ዞረ፤ ሲናገር ድምፁ እንደ መጀመሪያው አልነበረም።

“ሞታለች እያልሽኝ ነው?”

“አላልኩም። አላውቅም። ተነሥታ ሄዳም ሊሆን ይችላል። እዚያ እንደሌለች ብቻ ነው የማውቀው። አንተ እንድታውቅ ነው የመጣሁት።”

እሱም ኮንግን አየው፤ ኮንግ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ሁለቱ ወንዶች ራስ ነቀነቁና ተለያዩ።

ኦባንግ ወደ አቦቦ የወረደው በቆሎ ለመጫን በወታደር ታጅቦ በሚሄድ፣ ከደጋ መጥተው አቦቦ በሰፈሩ ገበሬዎች መኪና ነው። እስኪመለስ ድረስ ኛሙዎን ስክሪኑን ማየት አልተወችም፤ ግን ከዚያ የምታገኘው አዲስ ነገር አልነበረም። ፓኔሉ አመድ እየጠጣ ነው፤ የአቦቦው ጎረቤት ከሰዓት በኋላ ይነሣል፣ ጀምበር ሲያዘቀዝቅ ይወድቃል።

ከዚያ ስልኳ ጮኸ። ኦባንግ ነበር፤ ከከተማው ሆስፒታል።

“በሕይወት አለች” አለ። “እግሯ ግን መጥፎ ነው። ነይ፤ ትጠይቅሻለች።”

የሆነው ይህ ነው። አጅዋንግ አንድ ማለዳ ፓኔሎቹን ወልውላ ስትወርድ መሰላሉ ተንሸራተተ፤ ወደቀች፣ ጭኗ ተሰበረ፣ አጥንቱም ቆዳዋን በስቶ ወጣ። ጩኸቷን የሰሙት አጠገቧ የሚኖሩ፣ በሰፈራ ከወሎ የመጡ አንዲት ሴትና ልጆቻቸው ናቸው። በአልጋ ተሸክመው ቤታቸው አስገቧት። ጤና ጣቢያው ዝግ ነው፤ ስልክ የለም፤ መንገዱም ዝግ ነው። ሴትዮዋ ቁስሉን በጨው ውኃ እያጠቡ፣ እግሯን በእንጨት አስረው፣ አጥሚት እያጠጡ አቆዩአት። ጄኔሬተር ማስነሣት የሚችል ከቤቱ አልነበረም። ኦባንግ ሲደርስ እግሩ ጠቁሮ፣ ትኩሳቱም አእምሮዋን ሊያስታት ደርሶ ነበር።

ሐኪሞቹ እግሯን ከጉልበቷ በላይ ቆረጡት።

ኛሙዎን ሆስፒታል ስትገባ አጅዋንግ ነቅታ ነበር። ከራስጌዋ አሮጊቷ እናቷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ኛሙዎን በአማርኛ ጤና ይስጥልኝ አለቻቸው። እናትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ኛሙዎንም አልፈረደችባቸውም። እኚህ እናት በቀድሞው ግርግር ወንድ ልጃቸውን ቀብረዋል።

“መጣህ?” አለች አጅዋንግ። ድምፅዋ የሚሰማው ሲጠጓት ብቻ ነው።

“መጣሁ።”

“ኦባንግ ነገረኝ። አንተ ነህ የነገርከው።”

“ፌበንም አለችበት። ሁለታችን ነን።”

አጅዋንግ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። “እዚያ ሆኜ ማሽኑን አስብ ነበር። ጄኔሬተር የለም፣ ወድቋል፣ ኛሙዎን ያያል አልኩ። ያቺ እናት ውኃ ስትሰጠኝ፣ ኛሙዎን ያያል አልኳት። ትኩሳት ነው መሰላት።”

ኛሙዎን እጇን ያዘች። ከዚያ ለሳምንታት ውስጧ የነበረውን ጠየቀቻት። “መንገዱ ሳይዘጋ በፊት ለምን አልወጣሽም? ሌሎቹ ሁሉ ሲወጡ።”

“ሰዎች መጥተው ነበር። ይሄ ማሽን ከኒውላንድ ጋር ያወራል፣ ተይው፣ አሉኝ። አጥፊው አሉኝ።” ትንፋሿን ሰበሰበች። “ጤና ጣቢያ ሲከፈት ስልኩ ይፈለጋል። ሰው ይታመማል። ለማን ብዬ አጠፋለሁ?”

“እኔንም ብለውኛል” አለች ኛሙዎን።

“አውቃለሁ። ሰው አንድ ነው።”

ነርሷ መጥታ ጊዜው በቃ አለች። ኛሙዎን ስትነሣ እናትየው ሳይዞሩ በአኙዋ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገሩ። ኦባንግ ተረጎመው፦ “ነገም ከመጣሽ ውኃ ይዘሽ ነይ ትላለች፤ የዚህ ቤት ውኃ አይጠጣም።”

በማግስቱ ውኃ ይዛ ሄደች፤ በሚቀጥለውም ቀን። ፌበንም አንድ ቀን አብራት ሄደች። በእነዚያ ቀናት አጅዋንግ የተሻላት መሰለ፤ ትንሽ ሾርባ ጠጣች፤ ከድርጅቱ ለጣቢያው አዲስ ባትሪ መጠየቅ እንዳለበት ለፌበን ከነምክንያቱ አስረዳቻት። ሐኪሙ ግን ኦባንግን ወደ ውጭ ጠርቶ መመረዙ ከእግሯ አልፎ ደሟ ውስጥ እንደ ገባ ነግሮት ነበር። ኦባንግ ለእናቱ አልነገራቸውም። ለኛሙዎን ግን በረንዳው ላይ ነገራት።

አጅዋንግ አንድ ረፋድ ላይ ዐረፈች። ኛሙዎን ውኃውን ይዛ ስትደርስ አልጋው ተሸፍኖ ነበር።

ሬሳው በወታደር በታጀበ መኪና ወደ አቦቦ ሊሄድ ሆነ፤ አባቷ የተቀበሩት እዚያ ነው። ኛሙዎን አብራ ልትሄድ ነጠላዋን ለበሰች። ኦባንግ ከመኪናው ወርዶ ወደ እሷ መጣ፤ ዓይኑ አብጧል።

“እናቴ አትምጣ ትላለች።”

ኛሙዎን ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች።

“ጠልታሽ አይደለም። መንገዱ ለአንቺ ደግ አይደለም ትላለች። አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ፤ ይቺን ልቀብር ነው፤ የሰው ልጅ ደግሞ በእኔ ምክንያት አልቀብርም ትላለች።”

መኪናው ሲሄድ ኛሙዎን በሆስፒታሉ በር ላይ ቀረች። ኮንግ ባጃጁን አጥፍቶ አጠገቧ ቆመ። እንሂድ አላላትም፤ ቆዪም አላላትም። አቧራው እስኪወርድ ቆሙ። ቤት ከገቡ በኋላ ልጆቹ እናታቸው ለምን እንደምታለቅስ ጠየቁት። “የሥራ ጓደኛዋ ሞታባት ነው” አላቸው። ቦኖ ውኃ ጋ ያናገረቻት ጎረቤት በማግስቱ ማለዳ በር አንኳኳች፤ በጨርቅ የተሸፈነ ምግብ ይዛ ገባች፣ ሳትናገር ተቀምጣ ሳትናገር ሄደች።

በአቦቦ በኩል ያለው ጎረቤት ፈጽሞ ጠፋ። ፓኔሎቹ አመድ ተጭኗቸው ባትሪው ባዶ ሆነ። ፌበን መስመሩን ከመዝገብ ልትሰርዘው ትችል ነበር። አልሰረዘችውም። የከተማው ራውተር ወደ ደቡብ መጣራቱን ቀጠለ፤ ክረምቱ እስኪገባ መልስ አልነበረም።

ዝናቡ ሲጥል ሽማግሌዎችና የሁለቱም ወገን ወንጌላውያን ተገናኙ፤ ጊዜ የፈጀ ንግግር ሆነ፤ ብዙ ነገር ሳይፈታ ቀረ፤ መንገዱ ግን ተከፈተ። ጤና ጣቢያው ተከፈተ። ድርጅቱ ለአቦቦ አዲስ ጠባቂ ሲፈልግ የጠየቀው ኦባንግ ነው። ለምን የአናጺነት ሥራውን እንደሚተው ሲጠይቁት፣ “ቦታውን ስለማውቀው” ብቻ አለ።

አዲሶቹን ባትሪዎች ይዞ የሚወርደው መኪና ላይ ፌበን ኛሙዎንን መደበቻት። ያን መንገድ በሕይወቷ ሄዳበት አታውቅም። መስኮቱን ከፍታ ሣሩን፣ በቆሎ እርሻውን፣ የተቃጠሉትን ቤቶች አየች። አንዳንዶቹ ክዳናቸው እንደገና ተጀምሯል፤ ሌሎቹ ባዶ ቆመዋል። ጣቢያው ጋ ሲደርሱ አጅዋንግን ያስታመሟት የወሎ ሴት በራቸው ላይ ወጥተው ቆሙ፤ ኛሙዎን ወርዳ እጃቸውን ሳመች።

ሥራው አለቀ። መስመሩ ሲነሣ ከከተማ ፌበን ደውላ “ጎረቤት ተገኝቷል” አለች። ኛሙዎን “እሺ” አለችና ስልኩን ዘጋች።

ከዚያ ኦባንግ ወደ መቃብሩ ወሰዳት። ከጸሎት ቤቱ ኋላ ማንጎ ዛፍ ሥር ነው። እናትየው ቀድመው እዚያ ተቀምጠዋል። ኛሙዎን ፈራ ተባ እያለች ቀረበች። አሮጊቷ ቀና ብለው አዩአትና በማያውቁት ቋንቋ፣ ከየት እንደ ተማሩት አይታወቅም፣ በኑዌርኛ ሰላምታ ሰጧት። አነጋገራቸው የተሰባበረ ነበር። ኛሙዎን መለሰችላቸው፤ አጠገባቸው መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

ብዙ አልተነጋገሩም፤ የሚነጋገሩበት ቋንቋ አልነበራቸውም። አሮጊቷ ከመቃብሩ ላይ የወደቀውን ቅጠል አንድ በአንድ ያነሡ ነበር፤ ኛሙዎንም በእሷ በኩል ያለውን ታነሣ ጀመር። ደመናው ሲከብድ ሾፌሩ መጥቶ፣ ዝናቡ ሳይቀድመን እንሂድ አለ። ኛሙዎን ተነሥታ እናትየውን ክንዳቸውን ደግፋ አስነሣቻቸው፤ ከኦባንግ ጋር ሆነው ወደ መንገዱ ሄዱ።